ጀሪካን አይሰበርም

ሽማግሌ በመጣ ቁጥር እኔ ጓዳ እገባለሁ። የቤታችን ደንብ ነው። የወንድሜ ትልቋ ልጅ አልጣሽ ስትታጭ ጓዳ ገባሁ፤ ስትዳር ደግሞ ሠርጉ እስኪያልቅ ጎረቤት ቤት ተቀምጬ፣ ዘፈኑን በግድግዳ እየሰማሁ ብቻዬን ሳጨበጭብ ዋልኩ። ምክንያቱን ቋሪት ለተወለደ ሰው መንገር አያስፈልግም፤ ለሌላው ግን ልናገር። ልጅ ሊያጭ የመጣ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ዘር ነው። ሰባት ቤት ይቆጠራል። የሚፈለገው ዝምድና ብቻ አይደለም፤ ለምጻም አለ ወይ፣ የሚጥለው አለ ወይ፣ ዕውር አለ ወይ ይባላል። እኔ ዕውር ነኝ።

ስሜ ወለተጊዮርጊስ ነው። ዓይኔ የጠፋው ገና ትኩስ ሙሽራ ሳለሁ ነው። ግሽ ዓባይ ጠበል ወሰዱኝ፤ ጠበሉ ልቤን አበረታው እንጂ ዓይኔን አልመለሰውም። ባሌ በበቅሎ ጭኖ አባቴ ደጅ አራገፈኝ። ዓይኔ ጠፋ እንጂ ምላሴ አልጠፋም፤ ይኸን አገሩ ሁሉ ያውቃል። እኔን ለመደበቅ የሚያስቸግረውም እሱ ነው። ወንድሜ ደረሰ «እታለም፣ በሞቴ፣ ዛሬን እንኳ ዝም በይልኝ» ብሎ ሳይለምነኝ የሠርግ ነገር የያዘ እንግዳ አስገብቶ አያውቅም።

ደረሰን ክፉ አድርጋችሁ እንዳትስሉብኝ። ያን ቀን ከበቅሎዋ ያወረደኝ እሱ ነው፤ ገና ጎረምሳ ነበር። አባታችን ከሞተ ወዲህም ከአፉ ነጥሎ አጉርሶኛል። ሚስቱ ንግሥቴም ክፉ ቃል ተናግራኝ አታውቅም። የሚደብቁኝ ሴቶች ልጆች ስላሏቸው ነው። እኔም እነዚያን ልጆች እወዳለሁ፤ ለእነሱ ከሆነ የአይጥ ጉድጓድ ግቢ ብባል እገባለሁ።

ሁለተኛዋ ያምሮት ግን የኔ ናት። ንግሥቴ ወልዳ ታማ ስትተኛ አዝዬ ያሳደግኳት እኔ ነኝ። ዕውር ሕፃን አዝላ እንዴት ትዞራለች ብላችሁ እንዳትጠይቁኝ፤ ዞርኩ። ስታድግ ደግሞ እጄን ይዛ እሷ መራችኝ። በሚሊኒየሙ ማግሥት ዓመት አሥራ ዘጠኝ ሞላት። ይታገሱ የሚባል የጅጋ ልጅ ወደዳት፤ እሷም ወደደችው። አባቱ አቶ አምላኩ ገበሬ ነው፤ ልጁ ግን ጅጋ መንገድ ዳር ትንሽ ሱቅ ከፍቷል። ያምሮት ገበያ በሄደች ቁጥር ከዚያ ሱቅ ክብሪት ገዝታ ትመጣለች። ቤታችን በክብሪት ሞላ። «አንቺ ልጅ፣ አገሩን ልታቃጥይው ነው?» ስላት ሳቋ ይቀድማታል።

አንድ ነገር ግን ሆዴን ይበላኝ ጀመር። ውሃ ቀድታ ስትገባ ጀሪካኑ የበሩን መቃን ይመታል። ጓ! ሁልጊዜም በግራ በኩል። መጀመሪያ የችኮላ መሰለኝ፤ ልጅነት ነው፣ ፍቅር ነው አልኩ። እኔ በሷ ዕድሜ የምሸከመው እንስራ ነበር። በዚሁ ቤት፣ በዚሁ መቃን ስንቱን እንስራ ሰበርኩት! እናቴ «ይቺ ዝርክርክ፣ ልቧን የት ጥላው ነው?» እያለች ትገርፈኝ ነበር። ልቤ ሳይሆን ዓይኔ መሆኑ የታወቀው በኋላ ነው። እንስራ ሲሰበር ቤተሰቡ ሁሉ ይሰማል፣ ይቆጣል፣ ይጠይቃል። ጀሪካን አይሰበርም። ስለዚህ ያምሮትን የተቆጣት የለም፣ የጠየቃትም የለም።

ግንቦት ላይ፣ የይታገሱ ሽማግሌዎች ሊመጡ ሳምንት ሲቀራቸው፣ ሐኪሟ መጣች። ዶክተር ሠርክአዲስ ትባላለች። ፍኖተ ሰላም ተቀምጣ፣ ከቡሬ እስከ ግሽ ዓባይ በዓይን በሽታ ጉዳይ ስትዞር የከረመች ናት፤ ዕቃዋን የያዘላት ወንዳወቅ የሚባል ነርስ አብሯት ነበር። እኔ ያኔ ይኸን ሁሉ የት አውቄ! የሰማሁት ኮቴና የከተማ ሴት ድምፅ ነው። ደረሰም ገና ከደጅ ሲያያት ክንዴን ይዞ ጓዳ ከተተኝ።

«አባቴ፣ ስለ ቤተሰብዎ ልጠይቅዎት ነበር» አለች ከተቀመጠች በኋላ። «አባትዎ ማን ይባላሉ? የአባትዎ አባትስ? ወንድም፣ እህት አለዎት? ከዘርዎ ዓይኑን የታመመ ሰው ነበረ?»

በኛ አገር የሰው ዘር እንዲህ ተዘርዝሮ የሚጠየቀው ወይ ለርስት ነው ወይ ለጋብቻ። ርስቱ በደርግ ጊዜ ቀርቷል። የቀረው ጋብቻ ነው። ደረሰ ወዲያው ገባው፤ የገባው መሰለው ማለቴ ነው። አምላኩ ሰላይ ልኮበታል! ያውም ሴት፣ ያውም የተማረች፣ ያውም ነጭ ጋዋን የለበሰች!

ከዚያ በኋላ የዋሸውን ውሸት ንስሐ አባቱ ይቁጠሩት። «የኛ ዘር ዓይን!» አለ። «አባቴ በሰማንያ ዓመቱ መርፌ ላይ ክር ይሰካ ነበር። አያቴማ እዚህ ጉብታ ላይ ቆሞ ቡሬ ገበያ የቀረበውን በሬ ቀለሙን ይለይ ነበር፣ ዶክተር!» እኔ ጓዳ ውስጥ ነጠላዬን አፌ ውስጥ ጎስጉሼ ታፈንኩ። አባታችን እኮ ሊሞት አቅራቢያ የገዛ ልጆቹን የሚለየን በድምፅ ነበር!

«ታድላችኋል» አለች ሐኪሟ። ድምጿ ግን አላመነም። «የምጠይቅዎት ለክፉ አይደለም። ሰዉ የዓይን በሽታ ሲባል ትራኮማን ያውቃል፤ ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ እየታጠፈ የሚወጋውን። ሌላ ደግሞ አለ። አያምም፣ አይቀላም፣ አያስለቅስም። ዓይን ውስጥ ያለው ውሃ መውጫው ይጠብበትና ግፊቱ የውስጡን ነርቭ ይጎዳዋል። ግላኮማ ይባላል። ከጎን ጀምሮ ነው የሚያጠፋው፤ ሰውየው ፊት ለፊቱን እያየ መቃን ይመታል። የጠፋው አይመለስም። የቀረው ግን በጊዜ ከተደረሰበት ይተርፋል። በዚህ አካባቢ ከአንድ አያት የወረዱ ሰዎች ላይ፣ ያውም በወጣትነታቸው፣ አግኝቼዋለሁ። ዘር የምጠይቀው ለዚህ ነው።»

መቃን ይመታል ስትል እንዝርቴ ከእጄ ወደቀ።

«ድመት ናት» አለ ደረሰ።

ሐኪሟ እስከ እሁድ ገበዝ ማርያም ጤና ጣቢያ እንደምትቆይ ተናግራ ሄደች። እኔም ከጓዳ ወጣሁና «ደረሰ፣ ይቺ ሴት ሰላይ አይደለችም» አልኩት።

«ሰላይ ካልሆነች የአያቴ ስም ምን ያደርግላታል?»

«ልታክም ነው።»

«እታለም፣ ሐኪም ምላስህን አውጣ ነው የሚል። አያትህ ማነው ይላል እንዴ?»

እውነቱን ነው። እኔም እስከዚያ ቀን አያት የሚጠይቅ ሐኪም ሰምቼ አላውቅም።

በማግሥቱ ያምሮትን ፀጉሬን ሥሪኝ ብዬ ወደ ደጅ ወሰድኳት። ፀሐይ ላይ ተቀምጠን፣ ጣቶቿ አናቴ ላይ ሲሄዱ «ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልኳት።

«ምኑ?»

«ግራሽ።»

ጣቶቿ ቆሙ። አይይ፣ ልጄ!

«ካቻምና ከትንሣኤ ወዲህ» አለች። «ሰው ከጎኔ ይበቅልብኛል፣ እቴቴ። ባዶ ነበር፤ ድንገት ሰው ቆሞ አገኛለሁ።»

«ተነሽ፣ ሐኪሟ ጋ እንሂድ።»

«ከሠርጉ በኋላ። በማርያም፣ እቴቴ! ጥር ላይ ልዳር አይደል? ያኔ እኔው ራሴ እነግረዋለሁ። አሁን ከሰሙ ይተውኛል።»

«እኔን እኮ ከሠርጉ በኋላ ነው የመለሱኝ» አልኳት።

አለቀሰች፤ እንባዋ አናቴ ላይ ወረደ። ለማንም አልናገርም በይኝ አለች። ምን ልበላት? ከግንቦት እስከ ጥር ስንት ጊዜ ነው? የጠፋው አይመለስም ብላለች ሐኪሟ። ብናገር ባሏን አሳጣኋት፣ ዝም ብል ዓይኗን። አንድም ቃል አልመለስኩላት፤ እሷ ግን ዝምታዬን እሺታ አደረገችው።

እሁድ ከቅዳሴ መልስ ሽማግሌዎቹ መጡ። አቶ አምላኩ ራሱ ሁለት ሽማግሌ አስከትሎ ነበር። እንደ ወጉ ደጅ ላይ ጥቂት ቆሙ፣ ግቡ ተባሉ፣ ገቡ፣ ጠላ ተቀዳ። እኔ ጓዳ ነኝ። ስለ ዝናብ አወሩ፣ ስለ ማዳበሪያ አወሩ፣ በመጨረሻ ልጃችሁን ለልጃችን አሉ፤ ደረሰም ዘር መቁጠር ጀመረ። አባቱን ጠራ፣ አያቱን ጠራ፣ በእናቱም በኩል ወጣ። እኔ ጋ ሲደርስ ዘለለኝ። እሱን ለምጄዋለሁ።

ይኸኔ ከደጅ የዚያች የከተማ ሴት ድምፅ ተሰማ።

«ይቅርታ፣ እንግዳ እንዳለባችሁ አላወቅኩም። ዛሬ መሄዳችን ስለሆነ ነው። አንዲት ጥያቄ ብቻ፣ አቶ ደረሰ። ወለተጊዮርጊስ የሚባሉ እህት አሉዎት አሉኝ፤ ዓይናቸውን የታመሙ። እሳቸውን ባያቸው ብዬ ነው።»

ደረሰ አሁን አለቀለት፤ ሐኪሟና ሽማግሌዎቹ ተመካክረው በሁለት በኩል የገቡበት መሰለው። በኋላ እንደነገረኝ ወንበሩ ከሥሩ የተሳበ ያህል ነው የተሰማው።

«እህት የለኝም» አለ።

ጓዳ መግባት አንድ ነገር ነው። ዘር ሲቆጠር መዘለልም ይቻላል፤ ችዬዋለሁ። የለችም መባል ግን ሌላ ነው። ደሜ ፈላ! እንደገና ጠላ ልትቀዳ ማንቆርቆሪያ ይዛ የገባችው ያምሮት ደግሞ በዚያችው ቅጽበት መቃኑን መታችው። ጓ! በግራ በኩል።

«አለችህ!» ብዬ ወጣሁ።

ግድግዳውን በመዳፌ እየዳበስኩ መሀል ቤት ድረስ ሄድኩ። «ወለተጊዮርጊስ እኔ ነኝ። የሱ ታላቅ ነኝ። ዕውር ነኝ። አባታችንም ዕውር ሆኖ ነው የሞተው፤ የመርፌውን ነገር እርሱት። ይቺም ልጅ ግራዋ እየጠፋ ነው። አንቺ ሐኪም፣ ሳታያት ከዚህ ቤት እንዳትወጪ!»

«እቴቴ!» አለች ያምሮት። ሌላ አልጨመረችም። ማንቆርቆሪያውን መሬት አስቀምጣ ሮጣ ወጣች።

አቶ አምላኩ ዋንጫውን መደቡ ላይ አሳረፈ፤ ድምፁን ሰማሁት። «እንግዲህ ጊዜ ይስጠን» አለ። እንጀራው ቀርቦ ነበር። ሳይቀምሱ ተነሡ። በኛ አገር እህል ሳይቀምስ የወጣ ሽማግሌ ምን ብሎ እንደወጣ ሁሉም ያውቃል።

ንግሥቴ ማልቀስ ጀመረች። ደረሰ ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር፤ እሱ ግን ጥግ ይዞ ተቀመጠ። ሐኪሟ እጄን ያዘች።

«እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ። ትዳር አፈረስኩ።»

«እማማ አትበይኝ፣ ከተማ የገባሁ ይመስለኛል። እቴቴ በይኝ። አንቺ ምንም አላፈረስሽ፤ ተቀመጪ። ልጅቷ ጎተራው ጀርባ ናት፣ ትመጣለች። እስከዚያ ይኸ ነገር በየት ዞሮ ከኔ ላይ እንደወጣ ንገሪኝ።»

ወረቀት ስታወጣ ኮሽ አለ። «ለኔ ወረቀት!» ስላት አፈረች፣ ቀጥላም ሳቀች። ወረቀቱን ትታም ንግሥቴን ሰፌድ፣ ባቄላና ሽምብራ ጠየቀቻት። ንግሥቴ እንባዋን እየጠረገች አመጣች፤ ደግሞ ይቺ ምን ልትሆን ነው እያለች ሳይሆን አይቀርም። ሐኪሟ ሰፌዱን ጉልበቴ ላይ አስቀምጣ እህሉን ትደረድር ጀመር።

«ባቄላው ሴት ነው፣ ሽምብራው ወንድ። ድፍኑ ጤነኛ ነው፤ ክኩ ዓይኑን የታመመ።»

«ሴቷን ትልቅ ያደረግሻት አውቀሽ ነው?»

«አውቄ ነው፣ እቴቴ» አለች። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ወደድኳት።

ጣቴን ይዛ ከላይ አስጀመረችኝ። አያቴ፣ የሽምብራ ክክ። ከሥሩ አባቴ፣ እሱም ክክ። በጎን የአባቴ ወንድሞች፤ ከእነሱ የወረዱ፣ እኔ እንኳ ከነመፈጠራቸው የረሳኋቸው፣ እሷ ግን መንደር ለመንደር ዞራ ያገኘቻቸው። ከአባቴ ሥር ሁለት ልጆች፤ እኔ የባቄላ ክክ፣ ደረሰ ድፍን ሽምብራ። ከደረሰ ሥር ልጆቹ። ያምሮት ጋ ስደርስ ጣቴ አልሄድ አለ።

«ከወላጅ ወደ ልጅ ነው የሚሄደው» አለች ሐኪሟ። «ለሁሉም ልጅ አይደርስም። የደረሰው ግን በወላጁ በኩል ነው የሚደርሰው።»

ይኸን ገበሬ ያውቀዋል። ውሃ ከላይኛው ማሳ ወደ ታችኛው ያለ ቦይ አይወርድም። ያምሮትን እኔ አዘልኳት እንጂ አልወለድኳትም፤ ከኔ ወደ እሷ ቦይ የለም። ከአባቴ ወደ እሷ ያለው አንድ ነው። ጣቴን ወደ ላይ መለስኩና ድፍኗ ሽምብራ ላይ አሳረፍኳት።

«ደረሰ።»

«እ?»

«ና እዚህ።»

«እኔ ደህና ነኝ፣ እታለም።»

«ደህና ነህ ወይ አላልኩህም። ግራህ ነው ቀኝህ?»

ንግሥቴ ማልቀሷን አቆመች።

«ቀኜ» አለ። «የአልጣሽ ሠርግ ሰሞን ነው የጀመረኝ። ሳርስ በቀኝ የጠመድኩትን በሬ አላየውም፤ በኮቴው ነው የምነዳው። ለማን ልናገር? ለመዳር የደረሱ ልጆች አሉኝ።» ከዚያ ተነሥቶ ወደ እኔ መጣ። «የለኝም አልኩ፣ እታለም። አፌን በቆረጠው!»

«እንኳንም አልክ። ባትል ኖሮ አልወጣም ነበር።»

ለካ ትንሹ ወንድሜም ከኔ ጋር ጓዳ ውስጥ ኖሯል። እኔ ብቻ የተደበቅኩ መስሎኝ ስንት ጊዜ በሆዴ ተቀየምኩት! ሽምብራዋን አንስቼ በጥርሴ ከፈልኳት፤ ግማሿን ቦታዋ መለስኩ፣ ግማሿን በላኋት።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አለኝ።

«ክክ አደረግኩህ። ከእንግዲህ ከኔ ጋር ተቀመጥ።»

ሳቀ። እንባው እየወረደ፣ አፍንጫው እየተዘጋ ሳቀ። አጠገቤ ቁጭ ብሎ ራሱን ትከሻዬ ላይ ጣለ፤ ከበቅሎዋ ባወረደኝ ጊዜም እንዲሁ ነበር ያደረገው።

ሐኪሟ ያን ቀን ሳትሄድ ቀረች። ያምሮትን ከጎተራው ጀርባ ራሷ አግባብታ አመጣቻት፤ እሷንም፣ ደረሰንም፣ ሌሎቹንም ልጆች በመብራቷ አየቻቸው። ከየክንዳችን ደም ወሰደች። «ይኸን ምን ታደርጊዋለሽ?» ስላት «ከአያትዎ ጀምሮ የወረደውን ነገር ደሙ ውስጥ ልፈልገው ነው» አለች። «ስታገኚው ሰላም በይልኝ፤ ዕድሜዬን ሙሉ አብሮኝ ኖሯል» አልኳት። ወንዳወቅ ከት ብሎ ሳቀ፤ ድምፁን የሰማሁት ያኔ ነው።

በሳምንቱ አባትና ልጅን ይዛቸው ባሕር ዳር ሄደች። ያምሮት ግራ ዓይኗን በቀዶ ጥገና ታከመች። ከጠፋው የተመለሰ የለም፤ የቀረው ግን እንዳለ ቆመ። ለደረሰ በየቀኑ የሚደረግ ጠብታ ሰጡት፤ ጠብታውን የምታደርግለት ያምሮት ነች። የቀኟ ነገር ግን ተንጠልጥሎ ቀረ። ግፊቱ ገና እየተለካ ስለነበር በየወሩ ፍኖተ ሰላም እየሄደች ትታያለች።

ከጅጋ ወሬ የለም። ክረምቱ ገባ። ያምሮት አታናግረኝም። ውሃ ታቀርብልኛለች፣ ፀጉሬን ትሠራልኛለች፣ ቃል ግን የለም። ክብሪቱ ከመደርደሪያው አልተነካም፤ ንግሥቴ እንኳ እሳት ለማንደድ ከጎረቤት ፍም ትቀበላለች። እኔ በሕይወቴ ብዙ ከፍቶኛል፤ እንደዚያ ክረምት የከፋኝ ግን የለም። አንዳንዴ ለራሴ እንዲህ እላለሁ፦ አንቺ ዕውር፣ ዝም ብትዪ ምን ነበረበት? ከዚያ ጀሪካኑ መቃኑን ሲመታ እሰማና አይ፣ ደግ አደረግኩ እላለሁ። ከዚያ ዝምታዋን እሰማና እንደገና እፈርሳለሁ።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ ከፍኖተ ሰላም ተመለሰች። ጭቃውን እንኳ ከእግሯ ሳትጠርግ መጥታ ራሷን ጭኔ ላይ ጣለች።

«ቀኙ አልተነካም፣ እቴቴ። ሐኪሟ አረጋገጠችልኝ። በጠብታ ብቻ ይያዛል አለችኝ።» ከዚያ «ይታገሱ ቢቀርም ዓይኔ አልቀረ» አለች። እንዲህ ብላ አለቀሰች፤ እኔም አብሬያት አለቀስኩ። ዕውር ዓይን ለእንባ አይሰንፍም።

ከመስቀል በኋላ አንድ ቀን ውሻው ጮኸ። ብዙ ኮቴ ነበር። የአቶ አምላኩን ሳል ለየሁት። እኔም እንደ ልማዴ ተነሥቼ ወደ ጓዳ ሳቀና ደረሰ ክንዴን ያዘኝ። ሊያስገባኝ መስሎኝ ተከተልኩት። ራስጌ ካለው ወንበር ላይ አስቀመጠኝና ነጠላዬን አስተካከለልኝ።

ገቡ፣ ተቀመጡ። አቶ አምላኩ ጉሮሮውን ጠረገ። «ደረሰ፣ ያን ቀን ሳንቀምስ የወጣነው ለምን መሰለህ?»

«አውቃለሁ» አለ ደረሰ።

«አታውቅም። ዕውር ስላየን አይደለም። ዓይን የፈጣሪ ነው። እህት የለኝም ስትል ሰምቼ ነው። የእናቱን ልጅ የለችም ያለ ሰው ነገ እኛን አላውቃችሁም ቢለንስ አልኩ።»

ደረሰ አንገቱን ሳይደፋ አልቀረም። «ልክ ነህ» አለ።

«ታዲያ ዛሬ ምን መለሰህ?» አልኩት እኔ፤ ዝም በይ የሚለኝ አልነበረም።

«ልጄ ነዋ! ሱቁን ዘግቶ ፍኖተ ሰላም ወረደ፤ ሐኪሟን ጠይቆ መጣ። ልጅ ብትወልዱስ፣ በሽታውን ቢወርስስ አልኩት። ገና በሕፃንነቱ ጀምረን እናሳየዋለን፤ የታወቀ ነገር ይታከማል አለኝ። ክረምቱን ሙሉ ይኸንኑ ሲለፈልፍ ጆሮዬን አሳመመኝ።»

«የጆሮውስ በዘር ይሄዳል እንዴ? እስቲ ቁጠሩልን!» አልኩ። ቤቱ በሳቅ ተናጋ፤ አቶ አምላኩ እስኪያስለው ሳቀ።

ከዚያ የኛ ተራ ሆነና ደረሰ ቆጠረ። አያታችንን ከነዓይኑ፣ አባታችንን ከነዓይኑ። «እኔ ደረሰ፣ ቀኝ ዓይኔ አያይም» አለ። «ታላቄ ወለተጊዮርጊስ ይህችውላችሁ። ዕውር ናት። ከምላሷ ግን እግዜር ይሰውራችሁ።» ስሜን በሰው ፊት ሲጠራ ሰውነቴን ነዘረኝ። እንጀራ ቀረበ። ቆረሱ፣ በሉ።

ጥር ላይ ሠርጉ ሆነ። ሠርክአዲስ ከወንዳወቅ ጋር መጣች፤ ንግሥቴ እንደ ራሷ ልጅ እየደጋገመች አጎረሰቻት። የበሽታውን ሥር ደሙ ውስጥ አገኘሽው ወይ ብላት ገና ነው አለች፤ ሌሎች ሦስት ቤቶች ግን ከፍተውልኛል አለች። እኔ ሙሉውን ቀን ዳሱ ውስጥ ተቀምጬ፣ በሰው መካከል አጨበጨብኩ፤ መዳፌ ቀላ ብለውኛል። ያምሮት ልትሄድ ስትል የአባቷንና የእናቷን ጉልበት ስማ ወደ እኔ መጣች። ጉልበቴን ሳመች፤ እኔ አንገቷን ሳምኩ። ክብሪት ሸተተችኝ ብል አትመኑኝ፤ ግን ሸተተችኝ።

ሙሽራውና ሙሽራዋ ለመጨረሻ ጊዜ ከቤት ሊወጡ ቆሙ። «ሙሽራው በቀኟ ቁም! ወጉ በቀኝ ነው!» ብሎ አንዱ ሚዜ ጮኸ።

«እኔ በግራዋ ነኝ» አለ ይታገሱ።

«ኧረ ወጉ...»

«በግራዋ ነኝ አልኩህ እኮ!»

ሴቶቹ እልል አሉ፤ እኔ ግን እጄን አንሥቼ ዝም አሰኘኋቸው፤ ያን የበር ድምፅ መስማት ፈለግኩ። የሷ አዲስ ጫማ ይንቋቋል፤ የሱ አዲስ ጫማ እግሩን ልጦት ትንሽ ያነክሳል። ወደ በሩ ሄዱ። ቆም አሉ፤ እሱ ትከሻውን በሷና በመቃኑ መካከል አስገባ መሰለኝ። ከዚያ የሁለቱም ኮቴ ደጅ ላይ ተሰማ። መቃኑን የመታ የለም።